ሐረጎን ስንወርድ ስለ ምድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲያያዘው ጆሮ ይደፈናል። በቀደም አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምራቃቸውን ዋጥ እያደረጉ «ልጄ፣ ይሄ መንገድ ምን አለበት? ሁልጊዜ ጆሮዬን ይይዘኛል» አሉኝ።

«እናቴ፣ ከስምጥ ሸለቆ ጠርዝ እየወረድን እኮ ነው» አልኳቸው።

«ኧረ በአላህ! ስምጥ ሸለቆ ዝዋይ በኩል አይደል እንዴ?»

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይቺን አባባል ክፍል ውስጥም በየዓመቱ እሰማታለሁ። ከእሷ ልጀምርና ሌሎቹንም ላንሳ።

«ስምጥ ሸለቆ ሩቅ ነው»

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ብለን ሸምድደን የቆምንበትን እንረሳለን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ይህን ቁልቁለት ወንዝ ብቻውን አልቆፈረውም። መሬቱ ወደ ምሥራቅ ሲለጠጥ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁም ላይ እየተንሸራተተ ወረደ።

ለተማሪዎቼ በደብተር ነው የማሳያቸው። አሥር ደብተር ጠረጴዛ ላይ አቁሜ በሁለት መዳፌ ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። ከዚያ ቀኝ እጄን ቀስ እያልኩ አሸሻለሁ። የመሀሎቹ ሸርተት ብለው ይወርዳሉ፣ የዳር የዳሮቹ ከፍ ብለው ይቀራሉ። ኮምቦልቻ የተቀመጠችው በወረደው ደብተር ላይ ነው። በስተምሥራቅ ሌላ ከፍታ አለ፤ እሱ ታልፎ ነው ወደ ባቲና ወደ አፋር የሚወረደው። ያ ከፍታ ሳይወርድ የቀረው ደብተር ነው። የቦርከና ወንዝም ወደ አፋር ቀጥ ብሎ ያልፈሰሰው ለዚህ ነው። ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ በከሚሴ በኩል ዞሮ ከአዋሽ ይገናኛል።

«ተራራ ሁሉ የሚፈጠረው በግጭት ነው»

የሂማላያ ተራሮች እውነትም በግጭት የተነሱ ናቸው። የህንድ መሬት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስያን እየገፋ ነው። ከደሴ በላይ የቆመውን የጦሳን ተራራ ግን የገጨው የለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ (የቀለጠ አለት) ከመሬት ስንጥቆች እየወጣ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ደጋውን ገነባው። ውፍረቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ቦታም አለ። ዝናብ ጥሎ ባባራ ጠዋት ጦሳን ቀና ብላችሁ እዩት። ገደሉ ደረጃ ደረጃ ይታያል፤ ላቫው እየፈሰሰ እንደተነባበረ ያሳብቃል። በኋላ ፕሌቶቹ፣ ማለትም የምድር ጠንካራ ሽፋን የተከፋፈለባቸው ግዙፍ ዝርግ አለቶች፣ ሲለያዩ ይሄ ንብርብር ተቆረጠ። ደሴን ከነገደሏ የሠራት መለያየት ነው።

«ፕሌቶች በቀለጠ እሳት ላይ ይንሳፈፋሉ»

አይደለም። ከሥራቸው ያለው ከሞላ ጎደል ጠጣር አለት ነው፤ ግን በጣም ስለሚግል ቀስ ብሎ ይፈሳል። ጧፍ ምድጃ አጠገብ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ሳይቀልጥ ይጎብጣል። እንደዚያ ነው። የሚቀልጠው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው፤ ማግማ የምንለውም እሱን ነው። ፕሌቶቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ደግሞ የውስጡ ሙቀት ብቻ አይደለም። የቀዘቀዘና የከበደ የውቅያኖስ ወለል ወደ ውስጥ ሲሰምጥ የቀረውን ይጎትተዋል።

ፕሌትና አህጉር አንድ የሚመስለውም ብዙ ነው። የአፍሪካ ፕሌት የአትላንቲክን ወለል ሰፊ ክፍል ይዞ ነው የሚሄደው።

«ነገ ተሰንጥቀን ባሕር ይገባል»

ወሬው አፋር ላይ አንድ ነገር በተሰማ ቁጥር ያገረሻል። አብሽሩ! ከሐዋሳ እስከ አዋሽ ባለው ስምጥ ሸለቆ ምሥራቁና ምዕራቡ የሚራራቁት በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ60 ዓመት አያት ካለቻችሁ፣ ከተወለደች ጀምሮ የተራራቀው ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። የዓረብ ፕሌት ፈጠን ይላል፤ በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ባሕር የሚገባው ሚሊዮን ዓመታት ቆጥሮ ነው።

ግን «ቀርፋፋ ነው» ብሎ መናቅም ስህተት ነው። መሬቱ ውጥረቱን ያጠራቅምና ባንድ ጊዜ ሊለቀው ይችላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተከፈተ። ማግማ ከታች ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቀው።

«5 እና 6 ያው ናቸው»

ሬዲዮው የመሬት መንቀጥቀጡ «በሬክተር ስኬል» ይህን ያህል ነው ሲል ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት እንሰማዋለን። አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከ4 ወደ 6 ሲሆን አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ዘመን አቆጣጠሩንም ተጠንቀቁ። ካራቆሬና ማጀቴን የመታው ትልቁ መንቀጥቀጥ አንዱ ጋ 1953 ይባላል፣ ሌላው ጋ 1961። ተማሪዎቼ ሁለት አደጋ አድርገው ይጽፉታል። አንድ ነው፤ ግንቦት 1953 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 1961። ማጀቴ ያኔ ፈርሳለች። ካራቆሬ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በወጣን ቁጥር የምናልፈው አገር ነው፤ ስለዚህ «እኛን አይነካንም» አይባልም።

«ቤቱ ከተሰነጠቀ መሬት ተንቀጥቅጧል ማለት ነው»

ደሴ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ይሄን እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተዳፋቱ ነው የሚንሸራተተው። ቁልቁለቱን የሠራው የፕሌቶቹ መለያየት ነው፤ ልል አፈሩን የሚያንሸራትተው ግን ውስጡ የገባው የዝናብ ውኃ ነው። መንቀጥቀጥ ቢሆን ጎረቤቱም፣ ሰፈሩም፣ ከተማውም ባንድ ቅጽበት ይሰማው ነበር። መንሸራተት ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ግድግዳችሁ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ጫፍና ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑንም አጠገቡ ጻፉ። መስከረም ላይ ምልክቱን አልፎ ከተገኘ በልስን ደፍናችሁ አትለፉት። ውኃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ፣ መሐንዲስም አሳዩ።