ዲመር ላይ ያለ ኤልኢዲ ሲያስቸግር

አክስቴ ስድስት ኪሎ አካባቢ የምትኖርበት ቪላ ዕድሜው ጠና ያለ ነው። ሳሎኑ መሃል ባለ ስድስት አምፖል መብራት ተንጠልጥሏል። በሩ አጠገብ እየተጠመዘዘ ብርሃኑን የሚቀንስ ክብ ዲመር አለ። አምፖሎቹ በሙሉ ኤልኢዲ በሆኑበት ምሽት መብራቱ ይርገበገብ ጀመር። አክስቴ ሁለት ጊዜ ሌላ አምፖል ገዛች። ምንም ለውጥ የለም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አምፖሎቹ ደህና ነበሩ።

ሲቀነስ ይርገበገባል

መጀመሪያ የአምፖሉን ካርቶን እዩ። «ዲመብል» (በዲመር ብርሃኑ ሊቀነስ የሚችል) የሚል ከሌለበት ዲመር መቀየር አይጠቅምም፤ አምፖሉን መልሱት።

ካለበት ደግሞ ዲመሩን ጠርጥሩ። አሮጌው ዲመር የተሠራው ለድሮው ቢጫ አምፖል ነው። አክስቴ ቤት ያለው ላይ «60–600 ዋት» ተጽፎበታል። 60 ማለት በደንብ ለመሥራት የሚፈልገው ትንሹ ጭነት ነው። ስድስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች 360 ዋት ይወስዱ ነበር። ስድስት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ግን ተደምረው 42 ዋት ናቸው። ጭነቱ ስላነሰው ዲመሩ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል።

ለማረጋገጥ አንዱን ኤልኢዲ አውጡና በቦታው የድሮውን 60 ዋት አምፖል ግጠሙ። መርገብገቡ ከቆመ ምክንያቱን አገኛችሁት። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የቀሩት አምስቱ ወዲያው ረጉ።

መፍትሄው ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር ነው። ሱቅ ስትሄዱ «ትሬሊንግ ኤጅ» ብላችሁ ጠይቁ። የድሮው ዓይነት፣ «ሊዲንግ ኤጅ» የሚባለው፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የኮረንቱን ሞገድ መጀመሪያ ይቆርጥና ኃይሉን በድንገት ይለቀዋል። ትሬሊንግ ኤጁ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው፤ ኃይሉ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ብቻ አትዩ። ለኤልኢዲ ለብቻው የተጻፈውን ዋት ፈልጉ፤ ለቢጫ አምፖል ከተጻፈው በጣም ያንሳል። የእናንተ አምፖሎች ድምር በትንሹና በትልቁ መካከል መውደቅ አለበት።

እዝዝ ይላል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያው የሊዲንግ ኤጁ ድንገተኛ ግፊት ነው፤ መፍትሄውም ያው። ዲመሩን ስትነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ግን ዛሬውኑ ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ይታያል

ይህን ቀላል ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። አሮጌ ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኮረንት ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ሲቆርጥ ይገኛል። ቢጫው አምፖል በምታልፈው ትንሽ ኮረንት ስለማይበራ ለዓመታት ማንም አያውቅም፤ ኤልኢዲ ግን ያጋልጠዋል። መብራቱ «ጠፍቶ» ሳለ አምፖሉ መግጠሚያ ላይ ፌዝ አለ ማለት ነው። አምፖል የሚቀይረውን ሰው ኮረንት ሊይዘው ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ ፌዙን ወደ ማጥፊያው ያዙረው። ፌዙ ትክክል ሆኖ ከዲመሩ የሚሾልክ ኮረንት ብቻ ከሆነ፣ መብራቱ ጋ የሚሾልከውን ኮረንት በጎን የምታሳልፍ «ባይፓስ» የምትባል ትንሽ ዕቃ ትገጠማለች።

የሽቦ እጥረት

ከመግዛታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ዲመሩን ፈታችሁ ሽቦ ቁጠሩ። በድሮ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፦ ፌዝና ወደ መብራቱ የሚሄደው። በስልክ የሚታዘዙ ብዙ ዲመሮች ኒውትራል ይፈልጋሉ። ባለ ሁለት ሽቦ ግዙ እንጂ ግራውንዱን (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) እንደ ኒውትራል አታስቀጥሉ፤ ሰው ይገድላል።

ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ሁሉ ፈዘዝ ካለ ዲመሩን ተዉት። የላላ ማያያዣ ወይም የቀጠነ መስመር ነው የሚፈለገው።

አዲሱን ገጥማችሁ ታች ሲደርስ መብራቱ ድርግም ካለባችሁ፣ ብዙዎቹ ዲመሮች ላይ ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለች። በመመሪያው መሠረት በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አዙሯት፤ ስድስቱም አምፖል ሳይጠፉ ዝቅ የሚሉበት ቦታ ላይ ተዉአት።