እናትን ወደ ትንሽ ቤት ስናዛውር የዕድሜ ልክ ዕቃዋን እንዴት እንቀንሳለን

እናቴ አዳማ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችበትን ግቢ ለቅቃ ግራውንድ ላይ ወዳለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ እኔና ወንድሞቼ ዕቃውን በአንድ ቅዳሜና እሑድ እንጨርሳለን ብለን ነበር የተነሳነው። አራት ወር ፈጀ። ጊዜውን የበላው ሸክሙ አይደለም፤ እኔ በሁለተኛው ቀን ያጠፋሁት ጥፋት ነው። እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አዲሱን ቤት በሜትር ለኩ፤ ስትለኩም የቤቱ ባለቤት የምትሆነው እናት ወይም አባት አብረው ይኑሩ። እናቴ አልጋዋና ቁም ሳጥኗ የሚቆሙበትን ቦታ ራሷ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች። የሳሎኑ ቡፌ በሩን እንደሚዘጋ በዓይኗ ስላየች፣ ስለ ቡፌው ዳግመኛ አልተከራከርንም።

ከዚያ ወረቀት። የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የጡረታ ደብተር፣ ያረጀ ውል ሁሉ ወደ አንድ ካርቶን ይግባ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ከሆነ፣ ከዚያ ዘመን የቀረች ብጣሽ ወረቀት እንኳ እንዳትጣል። የማታነቡት ቋንቋ ስለሆነም አትናቁት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ግማሹ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤውን ያገኘነው ልናቃጥለው ካዘጋጀነው ክምር ውስጥ ነው።

ኪስ ሁሉ ይፈተሽ። የትራስ ልብስ፣ የፍራሽ ስፌት፣ የጋቢ እጥፋትም እንዲሁ። እኛ በመሐረብ የተቋጠሩ የድሮ ባለ መቶ ብሮች አገኘን። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ለውጡ ሲታወጅ የድሮዎቹን 10፣ 50 እና 100 ብሮች ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ እሱ ካለፈ ቆይቷል። እናቴ "ለመቅበሪያዬ ብዬ ነበር" አለችና ዝም አለች። ወላጆቻችሁ ገንዘብ የሚያስቀምጡበትን ቦታ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ቤት ለመቀየር ባታስቡም እንኳ።

አሁን ወደ ከባዱ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ልዋጭ በደጃችን አለፈ። ሥራ ያቀለልኩ መስሎኝ አሮጌ ልብሶችን ሰብስቤ ሰጠሁትና ሰማያዊ ሳፋ ተቀበልኩ። ከልብሶቹ መካከል ክርኑ ያለቀ፣ ብል የበላው የአባቴ የደንብ ልብስ ኮት ነበረበት። እናቴ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ሚስማር ነው። አልተቆጣችም። የመኝታ ቤቷን በር ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፣ ሦስት ሳምንት ማንም እንዳይገባ አደረገች። ልዋጩን ገበያ ለገበያ ዞሬ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ኮቱ እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ ባለቤቱ በሌለበት ምንም ነገር ከግቢ አይውጣ፤ የተቀደደ ካልሲም ቢሆን። እናንተ አሮጌ ልብስ የምታዩበት ቦታ ላይ እሷ ሰውየውን ነው የምታየው።

በሩ የተከፈተልኝ ዕቃውን ማንሳት ትቼ መጠየቅ ስጀምር ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ የአባቴን ፋኖስ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና "ይሄን ይዞ የመጣበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ረከቦቱ ጎን አኑሬው ነበር፤ በእርግጥ ቀድሜ አስፈቅጃት። ስትጨርስ በራሷ አፍ "ይሄ ለታላቅ ወንድምሽ ይሁን" አለች። እኔ ለሦስት ሳምንት ለምኜ ያላገኘሁት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ አካሄዳችን ሁሉ ይኸው ሆነ። በአንድ ቡና ከአራት አምስት ዕቃ አይበልጥም። ጠዋት ይሻላል፤ አዳማ ላይ ፀሐይ ከከረረች በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ስለ ሟች ባል ማውራት ለማንም ይከብዳል። የሙት ዓመት በቀረበበት ሳምንት ጨርሶ አትንኩ። "ይሄ ምን ያደርግልሻል?" የሚለው ጥያቄ ከቤታችሁ ይጥፋ፤ "እንጣለው" የሚለውም። "ለማን ትስጪው?" በሉ። እናት ስትሰጥ ትመርቃለች፣ ሲወሰድባት ግን ተዘርፋለች። የተቀባዩን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዕቃው ላይ በፕላስተር ለጥፉት፤ ርክክቡ ግን በእሷ እጅ ይሁን። መሶቧን ለልጄ ስትሰጥ ተነስታ ቆማ ነው የመረቀቻት።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ተቀባዩ እንደሚፈልገው አስቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ። በምርቃት የተሰጠ ዕቃ "ቦታ የለኝም" ተብሎ ሲመለስ ማየት ካለመስጠት ይብሳል።

ስብስብ ከሆነ ተወካይ ይቅር። ከስድስት ጀበና አንዱ፣ ከአንድ ሳጥን ጥልፍ ቀሚስ ሁለቱ። የትኛው እንደሚቀር የምትመርጠው እሷ ናት፤ የእናቴ ምርጫ አንገቱ የተሸረፈው ጀበና ነበር። አልጠየቅኋትም።

የድሮ ፎቶዎችን ቀድቶ ለማስቀረት ስቱዲዮ አያስፈልግም። ጥሩ ስልክ፣ የመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ የጠፋ፣ በቃ። አልበሙ ሙጫ ያለው ዓይነት ከሆነ ፎቶውን በጥፍር አትንቀሉ፣ እዚያው እንደተለጠፈ በስልክ አንሱት። የሰዎቹን ስም ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ውሎ አድሮ ወደ ፊት ይወጣል። ከውጭ አገር የመጡ የድምፅ ደብዳቤ ካሴቶች ካሉ ደግሞ ከማጫወታችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ያኔ የመቅጃውን ቁልፍ በስህተት ብትጫኑም ቴፑ ላዩ ላይ አይቀዳም።

የቀረው ይቀላል። ትልልቅ ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና የጠላ ጋን ለእድር ስጡ፤ ደስ ብሏቸው ይወስዱታል፣ እናትም በየሐዘኑ ቤት ድስቷን ታየዋለች። የሟች ልብስ በስሙ ለነዳያን። ብረትና ጠርሙስ ለቆራሌ። ጠገራ ብር ብታገኙ 1780 የሚለውን አይታችሁ ዕድሜውን አትገምቱ፤ ያ ቁጥር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ሲመታበት ኖሯል። ብራና ወይም ጥንታዊ መስቀል ካለ ውጭ ያሉት ልጆች በሻንጣቸው ይዘው እንዳይሄዱ ንገሯቸው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል።

በመጫኛው ቀን አይሱዙው ከመምጣቱ በፊት አልጋዋን፣ ሥዕለ አድኅኖዋንና ረከቦቷን ቀድማችሁ ውሰዱ። ስትገባ ከሰሉ ይያያዝ፣ አልጋው ይነጠፍ።

ሊወሰንበት ያልቻለውን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ ቀን ጻፉበት፣ ለዓመት ያህልም እናንተ ቤት ይቀመጥ። የእናቴ ሳጥን እኔ አልጋ ሥር ነው። እስካሁን የጠየቀችኝ የቡና ሙቀጫዋን ብቻ ነው፤ በማግስቱ በባጃጅ ወሰድኩላት።