ያለ ኮንዶም ከተደረገ ግንኙነት በኋላ የሚመጣውን የኤችአይቪ ጭንቀት እንዴት ትወጣዋለህ?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ስልክህ ላይ «የኤችአይቪ ምልክቶች» እያልክ ትፈልጋለህ። እሱን ለአፍታ ተወውና አንድ ነገር መልስልኝ። ከሆነው ነገር ስንት ሰዓት አለፈ? ስንት ቀን አላልኩም፣ ስንት ሰዓት። (በወንድ አንቀጽ የጻፍኩት እንዲቀለኝ ነው፤ ለአንቺም ነገሩ ያው ነው።)

72 ሰዓት ካልሞላ

ማንበቡን አቁመህ ተነስ። ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ። ቫይረሱ ገብቶ ቢሆን እንኳ ሥር ሳይሰድ ለማስቀረት የሚሰጥ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፣ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። 72 የመጨረሻው ገደብ ነው፤ ቶሎ በጀመርክ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ «ዛሬ እሑድ ነው፣ ሰኞ እሄዳለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ማታ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል። ካርድ ክፍል ላይ ታሪክህን መዘርዘር አይጠበቅብህም። ሐኪሙ ጋ ስትገባ ግን አትሽኮርመም፦ «ከ30 ሰዓት በፊት ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጌ ነበር፣ ፔፕ ያስፈልገኝ እንደሆነ እዩልኝ» በል፣ በቃ። መጀመሪያ ደምህን ይመረምራሉ፤ ስለ ሌላው ሰውም የምታውቀውን ይጠይቁሃል። አንዱ ቦታ «ለጤና ባለሙያና ለተደፈረ ሰው ብቻ ነው የምንሰጠው» ቢሉህ ተስፋ ቆርጠህ ቤትህ አትግባ፣ ሌላ ሆስፒታል ሞክር። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

መድኃኒቱ ከተሰጠህ የሚያቅለሸልሽህ፣ ራስህን የሚያምህ ወይም እንቅልፍ የሚነሳህ ጊዜ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ብለህ በራስህ ፈቃድ እንዳታቆም፤ ለሐኪሙ ንገረው። ጨጓራ ካለብህና ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ፣ አይረን ወይም ካልሲየምም ቢሆን፣ ይህንንም ቀድመህ ንገረው። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ከነዚህ ጋር አብሮ ሲዋጥ በደንብ ወደ ደም አይገባም፣ ሰዓት ማራራቅ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። ፖስት ፒልም «72 ሰዓት» ስለሚባል ሁለቱን የሚያደባልቅ ብዙ ነው። ፖስት ፒል የሚከላከለው እርግዝናን ብቻ ነው። ከመድኃኒት ቤት እሱን ገዝተሽ «ተገላገልኩ» ብለሽ ተኝተሽ ከሆነ፣ እህቴ፣ የኤችአይቪው ጉዳይ ገና እንዳለ ነው።

ነገሩን በልኩ እየው

መሳሳም፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ ግንኙነት ሳይኖር አብሮ መተኛት፣ ትንኝ፣ ሽንት ቤት፣ እነዚህ አያስተላልፉም። ኮንዶም አድርገህ ካልተቀደደና ካልወለቀ ደግሞ ስጋቱ እጅግ ትንሽ ነው። ሌላው ሰው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይሄ ማጽናኛ እንዳይመስልህ፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ያለ ኮንዶም ከሆነስ? ሌላው ሰው ቫይረሱ በደሙ እንዳለና ሕክምና እንደማይወስድ በእርግጠኝነት ብናውቅ እንኳ፣ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ግምት በአንድ የብልት ግንኙነት ለወንዱ ከ10,000 ወደ 4፣ ለሴቷ ከ10,000 ወደ 8 ነው። በፊንጢጣ ለሚቀበለው ግን ወደ 138 ይወጣል። ቁስል ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ካለም ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለህ ፔፕን አትዝለል፤ ግን የተፈረደበት ሰው መስለህ አትቀመጥ።

እኔ እንደሚመስለኝ ልባችንን የሚያደማው ቁጥሩ አይደለም። የጸረ ኤድስ ክበብ ግድግዳ ላይ የከሳውን ሰው ሥዕል እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ትዳር ላይ የሄደ፣ ጠጥቶ የሄደ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ ያላወቃት ሴት ጋር ያደረ ሰው «ይገባኛል» ይላል። ቫይረሱ ግን ማን እንደበደለ አያውቅም። ጸጸቱን ለንስሐ አባትህም ሆነ ለጓደኛህ ንገር፣ ደግ ነው። ደምህን ግን ለላብራቶሪ።

ምልክት አትቁጠር

ቫይረሱ የያዛቸው ብዙዎች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ይታይባቸዋል። አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ጉንፋንም ይህንኑ ያመጣል፤ ጭንቀት ደግሞ ያልባል፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ በምልክት «ይዞኛል» ማለትም «ድኛለሁ» ማለትም አይቻልም። አንድ ጓደኛዬ መስታወት ፊት ቆሞ በቀን ሃያ ጊዜ የአንገቱን ዕጢ ሲጫን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አበጠብኝ ብሎ ጮኸ። እንዴት አያብጥ! ያን ያህል የተጎነተለ ቦታ ሁሉ ያማል።

ቀን ቁረጥ

ነገ ሄደህ ተመርምረህ ነጌቲቭ ብትባል ስላለፈው ቅዳሜ ምንም አይነግርህም፤ ከዚያ በፊት የነበረህን ብቻ ነው። ቢሆንም ተመርመር፣ መነሻ ይሆንሃል። ጣት ተወግቶ የሚታየው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚፈልገው ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱ እስኪደርስ ደግሞ ከ23 እስከ 90 ቀን ይወስዳል። በስድስተኛው ሳምንት ተመርመር፣ በሦስተኛው ወር ድገምና ዝጋው። ከደም ሥር ተቀድቶ አንቲጂኑንም (የቫይረሱን የራሱን ክፍል) የሚያይ የላብራቶሪ ምርመራ ካገኘህ 45 ቀን ይበቃል። ፔፕ የወሰደ ሰው ግን ሐኪሙ የሰጠውን ቀጠሮ ይከተል። ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም አብረው እንዲታዩልህ ጠይቅ።

እስከዚያ ኮንዶም ሳታደርግ ከማንም ጋር እንዳትሆን፣ ሚስትህም ብትሆን። ደም አትለግስ፤ «እዚያው ይመረምሩኝ የለ» የሚል ብልጠት ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። መጠጥና ጫት ቀንስ፣ ማታ ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው፣ አፉ የማይፈታ አንድ ሰው ፈልገህ ንገረው። ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ብቻህን አትደር፤ ሰው ጥራና ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ፖዘቲቭ ቢወጣ በአንዱ መመርመሪያ ብቻ አይወሰንም፣ በሌሎች ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ መድኃኒቱ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ኪኒን ነው። በጊዜው ጀምሮ በትክክል የሚወስድ ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል።

በሦስተኛው ወር ነጌቲቭ ከሆንክና በመካከሉ ሌላ ነገር ካልተፈጠረ አበቃ። ዕጢ ሲጫን የነበረው ጓደኛዬ ግን አላበቃለትም። ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ጊዜ ደግሞ ተመረመረ፣ ሦስቱም ነጌቲቭ። ለአራተኛው ሲመጣ አማካሪዋ ሲስተር ጣቱን አልወጋችም። «ወንድሜ፣ ደምህ ጨርሷል፤ ያልጨረሰው ሐሳብህ ነው» ብላ ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ሪፈር ጻፈችለት። እብድ አደረገችኝ ብሎ ተናዶ ወጣ። ወረቀቷን ግን አልቀደዳትም፤ በሁለተኛው ሳምንት ይዟት ሄደ።