ለመኪናችሁ ትክክለኛውን የጎማ ቁጥር እንዴት ትመርጣላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቪትዜ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ላስገጥም ነው፤ ምን ትለኛለህ?» አለኝ። ስልኩ ላይ የድራግ እሽቅድምድም ቪዲዮ ሲያይ ነው የከረመው። በእነዚያ መኪኖች የጎማው ስፋት እውነትም ያስቀናል። ጥርስ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ንፋሱ የተቀነሰ ጎማ ነው። ግን የሚሮጠው 402 ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም በደረቅና ቀጥ ባለ አስፋልት። መታጠፊያ የለውም፣ ዝናብ የለውም፣ ከኋላ የተቀመጠ ቤተሰብ የለውም። እኛ ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እንወርዳለን፤ ክረምቱን ሙሉ በጎጃም ዝናብ እንነዳለን። ሰፊ ጎማ ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ ከቀጭኑ ይልቅ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ለልጁ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው። እኔ የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው።

መጀመሪያ የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ፋብሪካው ለመኪናው የመረጠው የጎማ ቁጥርና የንፋስ መጠን እዚያ አለ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል። ንፋሱ 230 ካለ ኪሎፓስካል ነው፤ ጎሚስታው በሚለካበት በፒኤስአይ ወደ 33 ይሆናል። አሁን በእግሩ ላይ ያለውን ጎማ አይታችሁ አትመኑ። ከእናንተ በፊት የነዳው ሰው ምን እንደገጠመ አታውቁም።

ቀጥሎ ቁጥሩን መረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የእኔ ቪትዝ 165/70 አር 14 ነው። አር ራዲያል የሚባለውን የጎማ አሠራር ዓይነት ነው የሚናገረው፤ ለስሌቱ አይገባም። 165 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 14 ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። መሀል ላይ ያለው 70 ግን ሚሊሜትርም ኢንችም አይደለም። የጎማው የጎን ቁመት የወርዱ 70 ከመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወርዱ ሲጨምር መሀለኛው ቁጥር ባይነካም የጎማው ቁመት አብሮ ያድጋል። «ወርዱን ብቻ ነው የጨመርኩት» የሚል ሰው ሳያውቀው ቁመቱንም ጨምሯል።

ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። 165ን በ0.70 አባዙ፤ 115.5 ይመጣል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት አባዙት፤ 231 ነው። 14 ኢንችን በ25.4 አባዙና ደምሩበት። የጎማው ሙሉ ቁመት 587 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። አዲስ ያሰባችሁትንም ጎማ እንዲሁ አስሉት። ልዩነቱ ከ3 ከመቶ ካለፈ ተዉት። 185/65 አር 14 ብታስቡ 596 ይመጣል፤ ልዩነቱ ከ2 ከመቶ በታች ስለሆነ ያስኬዳል።

እኔ ይህን ስሌት ሳልሠራ ነው የገዛሁት። መኪናዬ ዝቅ ያለች ናት፤ የፍጥነት መቀነሻ ባለፈች ቁጥር ሆዷ ይነካል። ከፍ ትበልልኝ ብዬ 195/65 አር 15 ከነቸርኬው ገዛሁ። ሻጩ «ይገጥማል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገጠመ። ባሕር ዳር ውስጥ ብቻዬን ስነዳት ሁለት ወር ምንም ድምፅ አልሰማሁም። አምራብኝም ነበር።

ከዚያ እናቴንና ሁለት እህቶቼን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተነሳሁ። ጤፉም፣ ማሩም፣ ቅቤውም ከኋላ ተጭኗል። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን በየመታጠፊያው «ኽርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ጠጠር ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ እንደወረድን እናቴ፣ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። ፍሬኑ ነው አልኳት። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወርጄ አየሁት። የፊት ግራው ጎማ ትከሻው፣ ማለትም ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበት ጠርዝ፣ በቢላ እንደተላጠ ሆኖ ውስጡ ያለው ክር ብቅ ብሏል። የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ተበስቷል። እጄን ሳስጠጋው የጎማው ሙቀት መለሰኝ። ያ ጎማ በቁልቁለቱ መሀል ቢፈነዳ ኖሮ ገደሉ በእናቴ በኩል ነበር።

ኋላ ስሌቱን ስሠራው ጎማው 635 ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካው በ48 ሚሊሜትር፣ ማለትም በ8 ከመቶ ይበልጣል። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል እኔ የምሄደው ከ86 በላይ ነበር። ጎማ ሲተልቅ ማርሽ እንደረዘመ ይቆጠራል፤ ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ ይለግማል፣ ፍሬንም የበለጠ ይለፋል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኔ የከበደኝ ለካ በዚህም ነበር።

ስለዚህ ጎማ የሚለካው ሰው በሞላበት መኪና ነው፣ መሪውም ዳር ድረስ ተጠምዝዞ። ባዶ መኪና ቆሞ ሲታይ ሁሉም ጎማ የሚገጥም ይመስላል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚስታው አንዱን ብቻ ፊት ላይ እንዲያስርላችሁ ለምኑት። አራት ሰው አስገቡ። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሩ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል፣ ከውስጥ በኩልም በሾክ አብዞርበሩ አጠገብ ጣታችሁ ያለ ጭንቅ ማለፍ አለበት። ከዚያ የጎማውን ትከሻ ጠመኔ ቀቡትና የፍጥነት መቀነሻ ያለበት መንገድ ላይ ነድታችሁ ተመለሱ። ጠመኔው ከጠፋ ወይም ፓራፋንጎው ውስጥ ነጭ ከታየ ጎማው እየነካ ነው። «ፈቃደኛ አይደለሁም» የሚል ጎሚስታ ከገጠማችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።

ሲነካ ፓራፋንጎውን በመዶሻ ልግፋው፣ ወይም ቸርኬውን በስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ በሚገባ ወፍራም ብረት) ወደ ውጭ ላውጣው የሚሏችሁ አሉ። ሁለቱንም አልወድም። ስፔሰር የእግሩን ኩሽኔታ ያደክማል፤ የፓራፋንጎውም ቀለም በተመታበት ተሰንጥቆ በሚቀጥለው ክረምት ይዝጋል። የተሳሳተው ጎማው ነው፤ ጎማውን መልሱ።

ቸርኬውም የራሱ ወርድ አለው። ብረቱ ላይ 5ጄ ወይም 5.5ጄ ተብሎ ተቀርጿል፤ ቁጥሩ ወርዱ ነው፣ በኢንች። 165 ጎማ በ5 ኢንች ቸርኬ ላይ ደህና ይቀመጣል። 185/65 ለ5 ኢንች የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በላይ ሰፊ ጎማ ቢጨመር መሀሉ ያብጥና መታጠፊያ ላይ ይዋዥቃል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ 81ቲ የመሰለ ነገር አለ። 81 አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከፋብሪካው አሳንሳችሁ አትግዙ። በተለይ ሚኒባስ ያላችሁ፣ መጨረሻው ላይ «ሲ» የሌለው የቤት መኪና ጎማ ቁጥሩ ቢመሳሰልም አታስገቡ። «ሲ» ማለት ለጭነት ተብሎ የጠነከረ ጎማ ነው። በዚህ ላይ የሚተርፈው ብር ተሳፋሪውን ለአደጋ አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

የተሠራበትን ጊዜ ማየት አትርሱ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ተከታታይ ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 0817 ካለ በ2017 በ8ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አደራ፣ ይህ የፈረንጆቹ 2017 ነው። በእኛ የካቲት 2009 መሆኑ ነው። «የ17 ጎማ ነው፣ ትኩስ ነው» ሲሏችሁ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የደረቀ ጎማ ተሸክማችሁ እንዳትመለሱ። ያገለገለ ጎማ ግን ጭራሽ አልመክርም፤ ውስጡ ምን እንዳሳለፈ ከውጭ አይታይም።

አስገጥማችሁ ስታበቁ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ማመጣጠን) እና አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ለኩት። በረሃው ውስጥ ሞቆ ከፍ ቢልባችሁ አታስተንፍሱት፤ ደጀን ስትወጡ ይበርዳል፣ ያን ጊዜ ይጎድላችኋል።

ትርፍ ጎማውም የአራቱ ቁመት ይኑረው። እኔ ያን ቀን ከኋላ ያወጣሁት የድሮውን ባለ 14 ነበር። ፊት ላይ ግራው አጭር፣ ቀኙ ረጅም ሆነ። መሪው ወደ ግራ እየጎተተኝ፣ ለሁለቱ እግሮች ኃይል የሚያካፍለው ዲፍረንሻልም ሳያርፍ እየሠራ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎሐ ጽዮን ወጣን። ንፋሱንም በየወሩ ለኩት። የእኔው 15 ፒኤስአይ ብቻ ነበረው፤ ድልድዩ ጋ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ባይሞላልኝ ኖሮ እዚያው በረሃው ውስጥ ማደራችን ነበር።