ፖስትፊክስ ላይ የራሳችሁን ሚልተር በፓይተን መጻፍ

ወደ ሰርቨራችሁ የሚመጣውን ኢሜይል በራሳችሁ ሕግ ማስተናገድ ስትፈልጉ፣ ከውጭ የመጣው ላይ ምልክት ማድረግ፣ አንዳንዱን ሳይገባ መመለስ፣ ሄደር (ከመልእክቱ አናት ላይ ላኪ፣ ርዕስ ምናምን የሚጻፍበት መስመር) መጨመር ምናምን፣ የሰርቨሩን ኮድ መነካካት አያስፈልግም። የማይክሮሶፍቱ የሜይል ሰርቨር ኤክስቼንጅ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ከ2007 ቨርዥን ጀምሮ ትራንስፖርት ኤጀንት የሚባል በዶትኔት የሚጻፍ ነገር አለ፣ ፖስትፊክስና ሴንድሜይል የሚባሉት የሜይል ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሚልተር ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሚልተር ነው፣ ፖስትፊክስ ከ2.3 ጀምሮ ስለሚደግፈው የናንተም ላይ መኖሩ አያጠራጥርም።

ሚልተር ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። መልእክት ሲመጣ ፖስትፊክስ በሶኬት በኩል ማን እንደተገናኘ፣ ላኪው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተላከ ደረጃ በደረጃ ይነግረዋል፣ እሱም በየደረጃው ቀጥል ወይ መልሰው ወይ ቆይቶ ይሞክር ይላል። ዋናው ጥቅሙ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ላኪው ሰርቨር ገና መስመር ላይ እያለ መሆኑ ነው። አንዴ 250 (ተቀብያለሁ የሚል ኮድ) ብላችሁ ከተቀበላችሁት ኃላፊነቱ የናንተ ነው፣ ከዛ በኋላ ልመልስ ብትሉ የምትመልሱት ላኪ ተብሎ ለተጻፈው አድራሻ ነው፣ ስፓም ከሆነ ደግሞ አድራሻው የውሸት ስለሚሆን ምንም የማያውቅ ሰው ኢንቦክስ ውስጥ ቆሻሻ ትደፋላችሁ። ስለዚህ የሚመለስ ነገር ካለ እዛው በ550 (አልቀበልም በሚለው ኮድ) መልሱት። ዲስካርድ የሚባል ምርጫም አለ፣ ተቀብያለሁ ብሎ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ እኔ አልወደውም፣ ሰው ላክኩ ይላል ሌላው አልደረሰኝም ይላል እናንተ መሀል ላይ ሎግ ስትቆፍሩ ትውላላችሁ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከውጭ በመጣ መልእክት ላይ ውጫዊ የሚል ሄደር የሚጨምር ሚልተር እንስራ። ፓይሚልተር የሚባለውን ላይብረሪ ጫኑ (የሊብሚልተር ዴቨሎፕመንት ፓኬጅ ቀድሞ መኖር አለበት አለበለዚያ ኮምፓይል አያደርግም)፣ ከቤዝ ክላሱ ወርሳችሁ የራሳችሁን ክላስ ጻፉና የምትፈልጓቸውን ፋንክሽኖች ብቻ ሙሉ። ቅደም ተከተሉ ኮኔክት፣ ሄሎ፣ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ሄደር፣ የሄደር መጨረሻ፣ ቦዲ፣ ከዛ የመልእክት መጨረሻ ነው። ሄደር መጨመርም ሆነ መቀየር የሚቻለው የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ በፊት ያያችሁትን መዝግባችሁ ትይዛላችሁ እንጂ ምንም መንካት አይቻልም። ሄደር እጨምራለሁ፣ ሄደር እቀይራለሁ የሚለውንም ሲጀምር በፍላግ ማሳወቅ አለባችሁ።

አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ፓይሚልተር ለአንድ ኮኔክሽን አንድ ኦብጀክት ይፈጥራል፣ በአንድ ኮኔክሽን ግን ብዙ መልእክት ሊመጣ ይችላል። የተቀባዮችን ሊስት ክላሱ ሲፈጠር ብቻ ባዶ ካደረጋችሁት የመጀመሪያው መልእክት ተቀባዮች ሁለተኛው ላይ ይደርባሉ። ሪሴት የሚደረገው ላኪው ሲነገራችሁ ነው፣ ሁልጊዜ እዛ ላይ።

ከውጭ ነው ወይስ የኛ ሰው ነው የሚለውን ደግሞ ፍሮም የሚለውን ሄደር አይታችሁ እንዳትወስኑ፣ እሱን ላኪው የፈለገውን መጻፍ ይችላል። በፓስወርድ ገብቶ የላከ ሰው ካለ ፖስትፊክስ ስሙን በማክሮ (ለሚልተሩ አብሮ በሚልከው መረጃ) ይነግራችኋል፣ ማክሮው ባዶ ከሆነና አይፒውም የናንተ ኔትወርክ ካልሆነ ውጫዊ ነው። ተቀባይም እንደዛው ነው፣ ቢሲሲ የተደረገ ሰው ሄደር ላይ አይታይም፣ ኤንቨሎፑ ላይ (ሰርቨሮቹ ሲነጋገሩ የሚሰጠው የላኪና የተቀባይ አድራሻ) ግን አለ። ሌላው ደግሞ አጥቂው ራሱ የናንተን ሄደር አስመስሎ ጽፎ ሊልክ ስለሚችል የራሳችሁን ከመጨመራችሁ በፊት በዛ ስም የመጣ ካለ ሰርዙ፣ ብዙ ከሆኑ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ፣ ከላይ ከጀመራችሁ ቁጥሩ ሊዛባባችሁ ይችላል።

ርዕስ ላይ ቃል መፈለግ ካማራችሁ መጀመሪያ ዲኮድ አድርጉት። በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ በቤዝ64 ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ደረሰኝ የሚለውን ቃል በቀጥታ ብትፈልጉት መቼም አታገኙትም። ቦዲው ደግሞ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ቁራጭ ቢበዛ 65535 ባይት ነው፣ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ስለሆነ አንድ ፊደል መሀሉ ላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ሰብስባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡት። ቦዲ መቀየር ግን ባትነኩት ይሻላል፣ እታች ፉተር ስትጨምሩ የላኪው የዲኪም ፊርማ (መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠው) ይበላሻል።

ፖስትፊክስ ጋር ለማገናኘት ኤስኤምቲፒዲ ሚልተርስ የሚለው ሴቲንግ ላይ የሶኬቱን አድራሻ ትጽፋላችሁ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስ ብዙ ጊዜ በችሩት (ከሌላው ፋይል በተነጠለ ፎልደር) ውስጥ ስለሚሮጥ የፋይል ሶኬት ብትጠቀሙ አላገኘሁትም ሊላችሁ ይችላል፣ 127.0.0.1 ላይ በፖርት ብታደርጉት ትገላገላላችሁ። ብዙ ሚልተር ካለ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚሰሩት፣ ዲኪም የሚፈርመው መጨረሻ ላይ ይሁን፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ከናንተ በፊት።

ሚልተራችሁ ቢሞትስ? ካልነካችሁት ፖስትፊክስ ቴምፕፌል ይመልሳል፣ ላኪው ቆይቶ ይሞክራል ማለት ነው፣ ሜይል አይጠፋም ግን ሁሉም ይቆማል። የኛው ምልክት ብቻ ስለሚያደርግ ዲፎልት አክሽኑን አክሴፕት ብናደርገው ችግር የለውም፣ ቫይረስ የሚያጣራ ቢሆን ግን ቴምፕፌሉ ላይ ይቆይ። ኮዳችሁ ውስጥም ኤረር ያዙ፣ ዳታቤዝ የምትጠይቁ ከሆነ አጭር ታይምአውት ስጡት፣ ፖስትፊክስ ለአንድ ትዕዛዝ 30 ሰከንድ ነው የሚጠብቃችሁ።

ለሙከራ ዋናውን ፖርት አትንኩ፣ ማስተር ፋይሉ ላይ ሌላ ፖርት ከፍታችሁ ሚልተሩን ለሱ ብቻ ስጡትና በስዋክስ (የሙከራ ኢሜይል መላኪያ ፕሮግራም) ከሌላ ማሽን ላኩበት። የአማርኛ ርዕስ ያለው፣ ቢሲሲ ያለው፣ የውሸት ሄደራችሁን የያዘ፣ በአንድ ኮኔክሽን ሁለት መልእክት (ይሄኛውን በትንሽ ስክሪፕት)፣ ከዛ ደግሞ ሚልተሩን ገድላችሁ ላኩና ሎጉ ምን እንደሚል እዩ። ከሰርቨሩ ውስጥ በሴንድሜይል ኮማንድ የሚላከው፣ ክሮን (በተመደበለት ሰዓት ሥራ የሚያስኬደው) የሚልከው ምናምን፣ በዚህ ሴቲንግ አያልፍም፣ ለሱ ኖን ኤስኤምቲፒዲ ሚልተርስ የሚል ሌላ አለ፣ ለኛ ምልክት ግን አያስፈልግም።