የበሰለ ባርቤኪው ጎድን ከኮስኮ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮስኮ ወይም ሳምስ ክለብ፣ አባል ለሆነ ሰው በብዛት የሚሸጡት የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች፣ ገብታችሁ የተዘጋጁ ምግቦች ማቀዝቀዣ ጋ ስትደርሱ ባርቤኪው ሶስ የለበሰ ጎድን አለ አይደል? በስሎ፣ ታሽጎ፣ «አሙቁና ብሉ» ተብሎ የተቀመጠው። ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው፣ ልጆች ላሉበት ቤት፣ እንግዳ በድንገት ለመጣበት ጥሩ እራት ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን ብዙ ቤት ሥጋው ደርቆ፣ ሶሱ አሮ፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ለማይበላው ሰው ይቀርባል። ከዚያ በሥጋው ይሳበባል። ሥጋው እኮ ለሰዓታት በዝግታ በስሎ ነው የመጣው። የእናንተ ሥራ ሌብሉን፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ማንበብና ሳትቸኩሉ ማሞቅ ብቻ ነው፤ ስህተቱም የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ነው።

የምን ሥጋ እንደሆነ ሳያዩ ማንሳት

ይሄ ትልቁ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ እንዲሁ «ሪብስ»፣ ጎድን ማለት ነው፣ ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። «ቤቢ ባክ» ከአሳማው ጀርባ፣ ከአከርካሪው አጠገብ የሚወጣው አጠር ያለ ጎድን ነው። የጥጃ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አይደለም። «ስፔር ሪብስ» ወደ ሆዱ ያለው ሲሆን፣ «ሴንት ሉዊስ» የሚባለው ያው ስፔር ሪብስ ዳር ዳሩ ተቆርጦ አራት ማዕዘን የወጣለት ነው። የበሬ ከሆነ «ቢፍ» የሚል ቃል በግልጽ ተጽፎበት ታገኛላችሁ። ካላገኛችሁ መልሱት።

ኦርቶዶክስም ሆናችሁ ሙስሊም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እናንተ ብትበሉ እንኳን እንግዳ ከጠራችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ተናገሩ፣ ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎ እንዲጎርስ አታድርጉ። የበሬ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ሐላል አይሆንም፤ ለሙስሊም እንግዳ የሐላል ምልክቱን ፈልጉ። ሶሱንም እዩ። ቦርበን የገባበት ባርቤኪው ሶስ አለ፣ ቦርበን ውስኪ ነው። ዉስተርሸር የተባለው ሶስ ከገባበት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት፣ ዓሣ የማይስማማው ሰው ካለ ልብ በሉ።

ከሁሉ የሚረሳው ግን አብሮ የሚመጣው ማባያ ነው። ጎድኑ የበሬ ሆኖ ከጎኑ ያለው ባቄላ የሚመስል ጣፋጭ ቀይ ቡናማ ወጥ፣ «ቤክድ ቢንስ» የሚሉት፣ ቤከን የሚሉት የአሳማ ሥጋ ወይም የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል። ጎመኑም እንደዚያው፤ በአሜሪካ ደቡቡ ክፍል ጎመን ከአሳማ እግር ጋር መቀቀል የቆየ ልማድ ነው። የያንዳንዱን ዕቃ ዝርዝር አንብቡ።

የጾም ነገርም አለ። መደብሩ ራሱ አዘጋጅቶ የሚያሽገው ምግብ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ማክሰኞ ማታ የገዛችሁት ሐሙስ ነው የሚበላው፣ ሐሙስ ካመለጠ ቅዳሜ። ቀኑን አይታችሁ ግዙ፣ አለዚያ ቶሎ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

ሶስ የተቀባው ሁሉ የበሰለ ነው ብሎ ማሰብ

ከበሰለው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሥጋ መደርደሪያው ላይ፣ በቅመም የታሸ ጥሬ ጎድን ይሸጣል። ሲያዩት ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ «ፉሊ ኩክድ»፣ ሙሉ በሙሉ የበሰለ፣ የሚል ከሌለበት ጥሬ ነው ብላችሁ ያዙት። ልዩነቱ የሠላሳ ደቂቃ አይደለም። የአሳማ ጎድን 145 ዲግሪ ፋራናይት (63 ሴልሺየስ) ደርሶ ሦስት ደቂቃ ካረፈ ለጤና አያሰጋም ይባላል፣ ግን በዚያ ሙቀት እንደ ጎማ ነው የሚታኘከው። ጅማቱ ቀልጦ ሥጋው ከአጥንቱ እንዲላቀቅ ወደ 195 ዲግሪ ፋራናይት (90 ሴልሺየስ) መድረስ አለበት፣ ያውም ቀስ ብሎ። ሰዓታት ይፈጃል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንግዳ ጠርታችሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥሬ መሆኑን ብታውቁ ምን ታደርጋላችሁ?

ስለ መጠኑ ብዙ አልልም። የምትከፍሉት በፓውንድ ነው፣ አጥንቱም ሶሱም አብሮ ይመዘናል። ለአንድ ትልቅ ሰው አንድ ፓውንድ፣ 450 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ብላችሁ አስሉ። ማባያ ካለ ትንሽ ቢያንስም ይበቃል።

መኪና ውስጥ ማቆየት

የሚበላሽ ምግብ ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት (ከ4 እስከ 60 ሴልሺየስ) መሀል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ውጭ ከ90 ፋራናይት (32 ሴልሺየስ) በላይ ሲሆን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቴክሳስ ወይም አሪዞና ያላችሁ በበጋ ይሄን አትርሱ። ጎድኑን መጨረሻ ላይ አንሱ፣ ከመደብሩ ቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ። መንገድ ላይ ሰው የምትጠይቁ ከሆነ በረዶ ያለው ቦርሳ ያዙ።

እንደ ጥሬ ሥጋ ደግሞ መጥበስ

አብዛኛው ጎድን የሚበላሸው እዚህ ነው። ኦቨኑን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ጎድኑን ሳይሸፍኑ አስገብቶ፣ ልጆች እስኪታጠቡ እዚያው መተው። ከላይ ያለው ሶስ በስኳር የተሞላ ነው፣ ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር የሸንኮራ ሽሮፕ ወይም ቡናማ ስኳር ነው ጣዕም የሚሰጠው። ስኳር በኃይለኛ እሳት ቶሎ ያርና ይመራል። ላዩ ሲያር መሀሉ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ መሀሉ እስኪሞቅ ሲጠበቅ ደግሞ ያ ሁሉ ርጥበት ይተናል።

መጀመሪያ ሌብሉ ላይ ያለውን የማሞቂያ መመሪያ አንብቡ፣ ዕቃው ስለሚለያይ ከኔ ይልቅ እሱ ይቅደም። መመሪያው ከጠፋባችሁ ወይም ትሪው ላይ ምንም ካልተጻፈ እንዲህ አድርጉ። ኦቨኑን 300 ዲግሪ ፋራናይት (150 ሴልሺየስ) ላይ ቀድማችሁ አሙቁ። ቁጥሩን አታምታቱ፣ አሜሪካ ያለ ኦቨን በፋራናይት ነው፣ አውሮፓ ያለው በሴልሺየስ። ጎድኑን ከፕላስቲኩ አውጡት፤ አየሩ የተመጠጠበት ፕላስቲክ ለኦቨን ያልተሠራ ሊሆን ይችላል። መጥበሻ ትሪ ላይ አጥንቱን ወደታች አድርጋችሁ አስተኙት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ወይም የፖም ጭማቂ ከሥሩ ጨምሩ፣ በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማየት ጀምሩ። መሀሉ 165 ዲግሪ ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) ሲደርስ በቃው። የሥጋ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፣ ግዙ፤ ስትወጉ ግን አጥንት እንዳይነካ፣ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያችኋል።

ከዚያ ፎይሉን አንሱ፣ ሶሱን በስሱ ቀቡ፣ የላዩን እሳት፣ ብሮይሉን፣ ለኩሱና ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት። ከፊቱ አትሂዱ፣ ስልክም አታንሱ። ሶሱ ሲያብለጨልጭና ፈላ ፈላ ሲል አውጡት። ውጭ ግሪል ላይ ብታደርጉም ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸፍኖ ይሙቅ፣ ሶሱ በመጨረሻ ይቀባ።

ማይክሮዌቭ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት አጥንት ለማሞቅ ይሆናል። ሸፍኑት፣ ኃይሉን ግማሽ አድርጉ፣ በየመሀሉ ገልብጡ። ሙሉውን አታስገቡ፣ ዳሩ ደርቆ መሀሉ ይቀዘቅዛል። የፎይል ትሪውን ደግሞ ጨርሶ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ። ቀዝቃዛ ጎድን ስሎው ኩከር፣ በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ውስጥ ጥሎ ወደ ሥራ መሄድም አይሆንም፤ ሙቀቱ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚጨምር ሥጋው ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ማባያውን ለየብቻ አድርጉ። ኮልስሎው የሚባለው የጥቅል ጎመን ሰላጣ ካለ ቀዝቃዛ ነው የሚበላው፣ ወዲያው አንሱትና ፍሪጅ አስገቡት። ማክ ኤንድ ቺዙ፣ አይብ ያለው መኮሮኒ፣ ትንሽ ወተት ይፈልጋል፣ የበቆሎ ዳቦው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቀላ ሲል አልበሰለም ብሎ መመለስ

በጢስ የበሰለ ሥጋ ሲቆረጥ ከዳሩ ሮዝ መስመር ይታይበታል። በጢሱ ውስጥ ያለ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሥጋውን ቀይ ከሚያደርገው ሚዮግሎቢን ጋር ተያይዞ ቀለሙን ስለሚያስቀር ነው። ባርቤኪው አዋቂዎች እንደውም ይሄን መስመር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እኛ ጋ ሥጋ ብዙ ጊዜ ወይ ጥሬ ነው ወይ በደንብ የተጠበሰ፣ ስለዚህ ሮዝ ስናይ ወደ እሳቱ መመለስ ያምረናል። አትመልሱት። ቴርሞሜትሩን እመኑ።

ጎድን ጥብስ መጠበቅ

የሥጋ ቤት ጎድን ጥብስ ጠብቆ የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያ ጉርሻ ቅር ይለዋል። ይሄ ጣፋጭ ነው። የካንሳስ ሲቲ ዓይነት የሚሉት ቲማቲምና ሞላሰስ የበዛበት ሶስ ስለሆነ ነው። ጣፋጭ የማትወዱ ከሆነ ሶሱ ያልተቀባውን፣ በደረቅ ቅመም ብቻ የታሸውን፣ የሜምፊስ ዓይነት የሚሉትን ፈልጉ፣ ወይም ሆምጣጤ የሚበዛበትን የካሮላይና ሶስ ለብቻ ግዙ። አዋዜና ሰናፍጭም በጣም ይሄዱለታል፣ በተለይ ሰናፍጭ ጣፋጩን ይሰብረዋል። ግን ከጎን ይቅረቡ። አዋዜ ቀብቶ ብሮይል ሥር ማስገባት በርበሬውን ማሳረር ነው።

እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተው ቤታችሁ ካሉና ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ሌብሉን በደንብ እዩላቸው። አሜሪካ በቀን የሚመከረው የጨው ጣሪያ፣ በሶዲየም ሲለካ፣ 2300 ሚሊግራም ነው፣ የተጨመረ ስኳር ደግሞ 50 ግራም። ሌብሉ ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ድርሻ ነው፣ ድርሻው ደግሞ ሰው በእውነት ከሚበላው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሶሱን ጠረግ አድርጋችሁላቸው ጎመን ወይም ሰላጣ አብዙላቸው።

ትርፉን ከነአጥንቱ ማስቀመጥ

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፣ ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ብሉት። ትኩስ እያለ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት ቀላል ነው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይያያዛል። በትንንሹ ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ሌላ ቀን በሽንኩርትና በቃሪያ አምስት ደቂቃ ማስነካት ብቻ ነው። ጨው ግን አትጨምሩበት፣ ያለው ይበቃዋል።