ከስፒከር የማይጠፋ «እምምም»፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ቤት

ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ስፒከሩ ወፍራም «እምምም» ካሰማ፣ አዲስ ገመድ ለመግዛት ፒያሳ ከመውረዳችሁ በፊት ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ ለዩ። መፍትሔው እንደ መግቢያው ይለያያል። በግምት የተገዛ ፊልተር ብዙ ጊዜ ምንም አይፈይድም፤ መግቢያውን የለየ ሰው ግን አንዳንዴ ሶኬት በመቀየር ብቻ ይገላገላል።

መጀመሪያ በጆሮ ለዩ። ዝቅ ያለና የማይቆራረጥ «እምምም» ከመብራቱ 50 ኸርዝ የሚመጣ ነው። ስለታም «ዝዝዝ» ከሆነ ዲመር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የሞባይል ቻርጀር ወይም ኢንቨርተር ጠርጥሩ። «ድድድ፣ ድድድ» ብሎ ወዲያው ስልክ የሚጠራ ከሆነ ሞባይሉን ከአምፕሊፋየሩ ማራቅ ይበቃል።

ከዚያ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ሞክሩ። ጃክ ስትነቅሉና ስትሰኩ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ድንገት የሚወጣው ድምፅ ስፒከር ሊያበላሽ ይችላል።

1. አምፕሊፋየሩ ላይ የስፒከሩን ገመድ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ጃክ ሁሉ ንቀሉ። እንዲያም ሆኖ እምምም ካለ ችግሩ የራሱ ነው፤ ያረጀ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩ ኮንደንሰሮች ደክመው ይሆናል። ከሶኬት ተነቅሎም ኮረንቲ ይዞ ስለሚቆይ ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ለባለሙያ ስጡት።
2. ጸጥ ካለ ሪሲቨሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን አንድ በአንድ መልሱ። ድምፁን ይዞ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።
3. ሪሲቨሩ ከሆነ አጥፉትና ጃኩን ሳትነቅሉ የዲሹን ገመድ ከጀርባው ፍቱ። እምምሙ ከጠፋ መግቢያው ዲሹ ነው።
4. ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ አጫውቱ። እምምሙ ከጠፋ መግቢያው ቻርጀሩ ነው።

ብዙ ቤት ነገሩ የሚያዘው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ነው። ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ውስጥ ባሉ ትንንሽ ኮንደንሰሮች በኩል ጥቂት ኮረንቲ ወደ ብረት ሽፋናቸው ይሾልካል። ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) በሌለው ቤት ሽፋኑ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መልቲሜትር) ሲለካ 110 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። የዲሹን ገመድ ጫፍ ሪሲቨሩ ላይ በጣታችሁ ስታጠብቁ ነዘር የሚያደርጋችሁ ይኸው ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ወደ መሬት መውጫ ይፈልጋል። አምፕሊፋየሩ ግራውንድ ካለው መውጫው በጃኩ የውጭ ሽቦ በኩል ይሆናል፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሙዚቃውም መመለሻ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ሁለቱን አንድ ላይ ያጎላቸዋል። ዲሹ በብረት ቱቦው ግድግዳውን ወይም ቆርቆሮውን ከነካ ሌላ የመሬት መንገድ ይከፈታል፣ ኮረንቲው የሚዞርበት ክብም («ግራውንድ ሉፕ» የሚባለው) ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ሲርስ እምምሙ ሊብስ የሚችለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት ማብላት ነው፦ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ አምፕሊፋየር በአንድ ዲቫይደር። ምጣድና ካውያ እዚያ ላይ አይሰኩ። ዲቫይደሩን ግን አትመኑት። ጎንና ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረት እየታየ ውስጡ ሽቦ የሌለው ብዙ አለ። ከሶኬት ነቅላችሁ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና ከመሰኪያው የግራውንድ ብረት እስከ እያንዳንዱ ቀዳዳ የግራውንድ ብረት ለኩ፤ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት።

የግድግዳውን ሶኬት ደግሞ በኤሲ ቮልት ለኩት። ከፌዝ (ኮረንቲ ከያዘው ሽቦ) ወደ ኒውትራል (ወደ መመለሻው ሽቦ) 220 አካባቢ ይሆናል፤ ከፌዝ ወደ ግራውንድም ከዚያ ጋር መቀራረብ አለበት፤ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ጥቂት ቮልት ብቻ። ከፌዝ ወደ ግራውንድ ያለው በጣም ካነሰ ወይም ከዋዠቀ ግራውንዱ የትም አልተያያዘም ማለት ነው። በአሮጌ የጭቃ ቤቶችና ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሞትባቸው ሁለት «ዘዴዎች» አሉ። አንደኛው ድምፁ ይጠፋል ተብሎ የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ መቁረጥ ነው። እውነት ነው፣ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ውስጡ ፌዝ ብረቱን የነካ ቀን ግን ሽፋኑ ሙሉ 220 ይይዛል። ሁለተኛው ሶኬት ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር በአጭር ሽቦ ማያያዝ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ሲበጠስ እቃው ሁሉ ኮረንቲ ይሆናል። ሁለቱንም በፍጹም አታድርጉ።

የቤቱ ባለቤት ከሆናችሁ በኤሌክትሪሻን ግራውንድ አስቀብሩ። የተለመደው 1.5 ሜትር የመዳብ ሽፋን ያለው ዘንግ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ድንጋያማ ግቢ ዘንጉ አልወርድ ካለ ቆርጦ ማሳጠር አይጠቅምም፤ ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል አራርቆ ሁለት ሦስት ዘንግ ተክሎ ማያያዝ ወይም መዳቡን በቦይ አግድም መቅበር ይሻላል። ጨው መጨመር ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ብረቱንም ይበላል። ለሙዚቃው ብቻ ተብሎ ከቤቱ ግራውንድ ጋር ያልተያያዘ ሁለተኛ ዘንግ መትከል ግን የምናጠፋውን ክብ ራሱን መሥራት ነው።

ዲሹን በተመለከተ፣ ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የግራውንድ ቡሎን ያለው የኤፍ ማገናኛ አስገቡና በ4 ካሬ ሚሊሜትር አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ ከዚያው ከዋናው ግራውንድ ጋር አያይዙት። ነዘሩም ይጠፋል። ከቀጥታ መብረቅ ግን አያድንም፤ ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹንም የመብራቱንም ገመድ ንቀሉ። ለተራ አንቴና የሚሸጠውን አይሶሌተር (በገመዱ የሚያልፍ ኮረንቲን የሚቆርጥ ዕቃ) ለዲሽ አትግዙ። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት ከሪሲቨሩ የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው፤ አይሶሌተሩ ሲቆርጠው ሥዕሉ ይጠፋል።

ተከራይ ከሆናችሁና ግራውንድ የማይታሰብ ከሆነ እምምሙ የሚያልፍበትን መንገድ ቁረጡት። ከሁሉም የምንመርጠው ኦፕቲካል ገመድ ነው፤ በብርሃን ስለሚሠራ ኮረንቲ አያሳልፍም። አምፕሊፋየሩ መግቢያው ከሌለው ከኦፕቲካል ወደ ቀይና ነጭ ጃክ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አለ። ሳጥኑን በራሱ ቻርጀር አብሩት እንጂ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ አታብሉት፤ የቆረጣችሁት መንገድ በዩኤስቢው ተመልሶ ይገናኛል። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ «ፒሲኤም» ላይ አድርጉ፣ አለበለዚያ ድምፅ ላይወጣ ይችላል። ሌላው አማራጭ በትንንሽ ትራንስፎርመር የሚሠራው የጃክ አይሶሌተር ነው። ከምንጩና ከአምፕሊፋየሩ መሐል ይገባል፣ ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ መሐል በፍጹም አይገባም። ርካሹ ቤዝ ይቀንሳል።

ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ካላችሁ ገልብጣችሁ መሰካትም ሞክሩ። ባለ ትራንስፎርመሮቹ ላይ አንዳንዴ ለውጡ በግልጽ ይሰማል።

አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ስታቢላይዘር ትልቅ ትራንስፎርመር ስላለው ከማይክሮፎንና ከጃክ ገመድ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። ጃክና የመብራት ገመድ ጎን ለጎን አይሂዱ፤ መገናኘታቸው ካልቀረ ይሻገሩ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልላችሁ ስታቢላይዘሩ ላይ አታስቀምጡ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት ወይም ወፍጮ አጠገብ ሆናችሁ ሥራው ሲጀመር የሚመጣና ሲቆም የሚጠፋ «ዝዝዝ» ካለ፣ የሚገባው በመብራቱ መስመር ነው። ለዚህ የመስመር ፊልተር ይረዳል፣ ግን ግራውንድ ከሌለው ግማሽ ሥራውን አይሠራም። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር ስታጫውቱ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ኢንቨርተሩ «ሞዲፋይድ ሳይን» የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ለሙዚቃ የሚሆነው «ፒዩር ሳይን» የሚለው ነው። ያንን እስክትገዙ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ፣ ስልኩን በብሉቱዝ ተጠቀሙ።